ሞተር የሚነዱ ልጆቻችንና አደጋን አስቀድሞ የማየት ችሎታ

ከደሴ ተነስቶ በሐይቅና በውጫሌ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀውን አስፋልት የሚያውቅ ሰው፣ መንገዱ የማን እንደሆነ ለመናገር ይቸገራል። የጭነት መኪናው፣ ባጃጁ፣ ጭነት ያዘለው አህያና ከትምህርት ቤት የሚወጣው ተማሪ ሁሉም ይጋሩታል። በዚህ መሀል ጢሙ ገና ያላቀመቀመ ልጅ ከኋላው ሁለት ሰው አፈናጥጦ በሞተር ቢያልፍ ብዙዎቻችን ዞር ብለን አናይም።

ሕጉ የሞተር ብስክሌት መንጃ ፈቃድ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አይሰጥም። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በመግደል ቀዳሚው የመንገድ አደጋ ነው።

ወላጆች “ልጄ ጎበዝ ነጂ ነው” ሲሉ ይሰማል። ጎበዝ የሚሉት ሚዛን መጠበቁንና ማርሽ መቀያየሩን ነው። እሱን እጅና እግር ቶሎ ይለምዱታል። ዓይን ግን ይዘገያል። ልምድ ያለው ነጂ የቆመ ባጃጅ ሲያይ ከጀርባው ሕፃን ሊወጣ እንደሚችል ጠርጥሮ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ጀማሪው የሚያየው ባጃጁን ብቻ ነው። ስሜትን የሚገታው የፊተኛው የአንጎል ክፍልም ዕድገቱን የሚጨርሰው በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ አካባቢ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በ1 ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ስልኩን ለ2 ሰከንድ ያየ ልጅ 22 ሜትር ዓይኑን ጨፍኖ ሄደ ማለት ነው።

ይህ ችሎታ በሥልጠና ይገኛል? በጣሊያን የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ጀማሪዎችን በሲሙሌተር፣ ማለትም የመንገድ አደጋን በስክሪን ላይ በሚደቅን ማሠልጠኛ፣ አለማምደው ነበር። ልጆቹ ሲደጋግሙት አደጋን የማምለጥ ችሎታቸው ተሻሽሏል። ብሪታንያም እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ አደጋን አስቀድሞ መለየትን በመንጃ ፈቃድ ፈተናዋ ውስጥ አስገብታለች። በእርግጥ በስክሪን ላይ መሻሻል ብቻውን በአስፋልት ላይ ሞት ቀነሰ አያሰኝም። ቢሆንም የእኛም የማሠልጠኛ ተቋማት ከማርሹ ባሻገር ዓይንን ቢያሠለጥኑ እላለሁ።

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ በሞተሮች ላይ ገደብ ስትጥል ዋናው ምክንያት ወንጀል ነበር። ለአምባሰል ቀበሌዎች ግን እገዳ አይበጅም፤ ምጥ የያዛትን እናት ወደ መኪና መንገድ የሚያደርሰው አንዳንዴ ያው ሞተር ነው።

ሲሙሌተሩ እስኪመጣ እርስዎ መጀመር ይችላሉ። ከልጅዎ ጋር በሚኒባስ ወደ ደሴ ሲሄዱ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ “አሁን ከየት ምን ሊወጣ ይችላል?” እያሉ ይጠይቁት። ይህንን ሳይለምድ፣ ዕድሜውም ሳይደርስ ቁልፍ አይስጡት። ዕድሜው ሲደርስም ያለ ሄልሜት አይውጣ፤ ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የሞትን ዕድል በ42፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። ማሰሪያው ካልተቆለፈ ግን ባርኔጣ ነው።

አደጋ ከደረሰ ተጎጂውን ብድግ አድርገው አያስቀምጡ፤ ውኃም አያጠጡ። የሚተነፍስ ከሆነ ሄልሜቱን ጎትተው አያውልቁ፤ አንገቱ እንዳይንቀሳቀስ ይዘው የቀይ መስቀል አምቡላንስን በ907 ይጥሩ። ተነስቶ “ደህና ነኝ” ቢልም ለ24 ሰዓት አይለዩት። ከደጋገመው ማስመለስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የንግግር መወላገድ ወይም ያልተለመደ እንቅልፍ ካዩ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።