«ሪሜምበር ሚ» ስንል

አንድ ወዳጄ ለፈረንጅ አለቃው «ፕሊስ ሪሜምበር ሚ ቱሞሮው» ብሎ ጻፈ። ስብሰባውን ነገ አስታውሰኝ ማለቱ ነበር። ለባለቋንቋው ግን ነገሩ ኑዛዜ ይመስላል፤ ነገ ስሞት አስበኝ ዓይነት። ትክክለኛው «ሪማይንድ ሚ» ነው። መዝገበ ቃላት ቢያገላብጥም አይድንም፤ በሁለቱም ግሶች አንጻር የሚያገኘው ያንኑ «አስታወሰ»ን ነው።

የሚያምታቱ የእንግሊዝኛ ቃላትን የሚዘረዝሩ መጻሕፍት ሞልተዋል። አብዛኞቹ የተጻፉት ግን ለባለቋንቋዎቹ ነውና የእኛን ሕመም አያውቁትም ባይ ነኝ። እንግሊዛዊ ቋንቋውን ያገኘው በጆሮው ስለሆነ የሚሳሳተው ሲጽፍ ነው። «እዚያ» የሚለውን ዜርና «የእነሱ» የሚለውን ዜር ያቀያይራል፤ እኛ የፀሐይን መውጣትና የሌባን ሥራ፣ ሠረቀንና ሰረቀን፣ በአንድ «ሰ» እንደምንጽፈው። እኛ እንግሊዝኛን ያገኘነው ከደብተር ነው። ፊደሉን ሸምድደነዋል፤ የሚያደናቅፈን ትርጉሙ ነው። ስቴሽነሪን እንኳ ብንወስድ፣ «የማይንቀሳቀስ» እና «የጽሕፈት መሣሪያ» በአንድ ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ እንግሊዞቹን ያስቸግራሉ። ምንጫቸው አንድ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን ቋሚ ሱቅ የነበረው መጽሐፍ ሻጭ ከአዟሪው የሚለየው በዚህ ስም ነበር። የእኛ ሰው ግን ስቴሽነሪ ሲባል ደብተርና እስክሪብቶ እንጂ ሌላው ትዝም አይለው።

የእኛን ችግር ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው ቦሮውና ሌንድ ነው። አማርኛ አንድ ሥር ይዞ መነሻውን ብቻ ይቀይራል፦ ተበደረ፣ አበደረ። ብሩ ወደ ማን እንደሚሄድ የሚነግረን ያቺ «ተ» ወይም «አ» ናት። እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ ዝምድና የሌለው ቃል አቁሟል። እኛ ሥሩን ተሸክመን ስንሻገር መነሻዋ መንገድ ላይ ትወድቅብናለች፤ «ካን ዩ ቦሮው ሚ ሀንድረድ ብር?» እንላለን። ተማረና አስተማረም እንደዚያው ናቸው። እዚህ ላይ እንኳ ባለቋንቋዎቹ ብዙ አይኩሩ፤ በ1623 እ.ኤ.አ. በታተመው የሼክስፒር «ዘ ቴምፐስት» ካሊባን «ለርን»ን «አስተማረ» በሚለው ፍቺ ይጠቀምበታል። ያኔ ስሕተት አልነበረም፤ ዛሬ ቢጻፍ ግን በቀይ ይሰመርበታል።

ደህንነት ደግሞ መነሻ እንኳ አይለየውም። የግንባታ ሠራተኛው ሄልሜት ሴፍቲ ነው፤ በር ላይ የሚፈትሸው ጥበቃ ሴኩሪቲ ነው። አንዱ ከአደጋ፣ ሌላው ከክፉ ሰው ያድናል። አማርኛ ሁለቱንም በአንድ ቃል ይጠራል። («የደህንነት ሰዎች መጡ» ሲባል ግን ሄልሜት ትዝ የሚለው ያለ አይመስለኝም።)

አስተማሪ ብሆን ሰሌዳው ላይ ቀድሜ የምጽፈው የእንግሊዝኛውን ጥንድ ሳይሆን አማርኛውን ነጠላ ቃል ነው። «አየ» ብዬ እጽፍና ተማሪዎቼን እጠይቃለሁ፦ ጓደኛህን መንገድ ላይ ድንገት አየኸው፣ ሰሌዳውን እይ፣ ማታ ኳስ አየህ፤ ሦስቱ አንድ ናቸው? ልዩነቱን ራሳቸው ሲደርሱበት ሲ፣ ሉክና ዎች ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ።

የወዳጄ አለቃ «አይ ዊል» ብሎ መለሰለት። ስብሰባው አመለጠው።