ያልታየውን ዕቃ ማን ይመረምራል?

በአደባባይ ገበያ ላይ ዕቃ በተዘረጋ ጊዜ ባለጠጋውም ድኻውም፣ ያገሩም ሰው እንግዳውም፣ አንዱን ዕቃ በአንዱ ስፍራ ተዘርግቶ ያዩታል፤ ዋጋው ቢወደድ ሁሉም ይሰማል፣ ነጋዴው ቢያዳላም ከጎን የቆመው ገዢ ይታዘበዋል፤ ስለዚህም የገበያ ፍርድ ከጥንት ጀምሮ በብዙ ዐይን ፊት የሚሰጥ ፍርድ ሆኖ ኖሯል። በኢንተርኔት ላይ የቆመው የዘመናችን ሱቅ ግን ይህን ሥርዓት ለውጦ፣ ለእያንዳንዱ ገዢ የየራሱን በር ከፍቶና የየራሱን መደርደሪያ ደርድሮ፣ አንዱ «ጫማ» ብሎ ሲፈልግ የሚያገኘውን ዝርዝር ሌላው በዚያው ሰዓት በዚያው ቃል ቢፈልግ እንዳያገኘው አድርጎ ያስተናግዳል፤ ከሁለቱም አንዳቸው ለጎረቤታቸው ምን እንደ ታየ፣ ለራሳቸውም ምን እንደ ተሰወረ የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም።

እኔ ይህን ጥበብ ለመንቀፍ አልተነሣሁም። በአንድ ሱቅ ውስጥ በሚሊዮን የሚቈጠር ዕቃ በተከማቸበት ዘመን ፈላጊውን ከሚፈለገው ጋራ የሚያገናኝ መሪ ባይኖር ገዢው በብዛቱ ውስጥ ጠፍቶ ይቀር ነበርና፣ የገዛውን፣ የተመለከተውንና አይቶ ያለፈውን አስታውሶ ዕቃውን በቅደም ተከተል የሚያቀርብለት ሶፍትዌር በእውነት ድካም የሚያቀልል ነው። የምነቅፈው የምርመራውን ልማድ ነው፤ ይኸውም ሠሪዎቹ ፕሮግራሙ ሳይዘገይ መልስ መስጠቱንና ሽያጩ ከፍ ማለቱን ብቻ አይተው «ተፈትሿል» በማለት ለሕዝብ የሚለቁበት ልማድ ነው። ለየሰዉ የተለየ ገጽ የሚያሳይ መሣሪያ ትልቁ ስሕተቱ የሚኖረው በሚሰውረው ውስጥ ነውና፣ የሚታየውን ብቻ ቈጥሮ ያልታየውን የማይቈጥር ምርመራ ግማሽ ምርመራ ነው።

የጥበቡ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በ1992 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ከኢትዮጵያ አዋጆች በቀር በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በካሊፎርንያ፣ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል የነበሩ ሊቃውንት የሚጎርፍባቸውን የኤሌክትሮኒክ መልእክት ሌሎች አንባቢዎች በሰጡት አስተያየት የሚያጠልል ሥርዓት ሠሩ፤ በ1994ም የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲና የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ግሩፕሌንስ በሚባለው ሥራቸው፣ ዝንባሌያቸው የሚመሳሰል አንባቢዎችን በማነጻጸር ለአንዱ የሚስማማውን ጽሑፍ ከሌላው ምርጫ መተንበይ እንደሚቻል አሳዩ። አማዞን የተባለው የአሜሪካ ሱቅ ደግሞ ሰውን ከሰው ማመሳሰሉን ትቶ ዕቃን ከዕቃ ጋራ በማዛመድ፣ ይህን የገዙ ሰዎች ያንንም ገዝተዋል በሚል፣ ሲሰሙት ቀላል በሚመስል ሐሳብ ላይ ሥራውን መሠረተ፤ ግሬግ ሊንደን፣ ብሬንት ስሚዝና ጄረሚ ዮርክ በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ አሠራሩን ከገለጡ ወዲህም በየአገሩ ያሉ ሻጮች ፈለጉን ተከትለዋል።

የምርመራን ኀይል ለሚጠራጠር ሰው ሊንደን ራሱ ኋላ የተረከው ታሪክ ይበቃል። ገዢው በቅርጫቱ ውስጥ ያኖረውን ተመልክቶ ተጨማሪ ዕቃ የሚጠቁም ገጽ ባዘጋጀ ጊዜ፣ ከኩባንያው ከፍተኛ ሹማምንት አንዱ ይህ ነገር ገዢው ሊከፍል ሲቃረብ ሐሳቡን ይበትነዋል ብሎ ሥራውን ከለከለ፤ ሊንደን ግን በገዢዎች ላይ ፈትኖ ውጤቱ በታየ ጊዜ የሽያጩ ብልጫ እጅግ ሰፊ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ የሹሙ ግምት በማስረጃ ተረትቶ ገጹ ለሁሉ ተከፈተ። ሥልጣን የዘጋውን በር ምርመራ ከፈተው ማለት ነው።

ነገር ግን የዚያው ኩባንያ ሌላ ሙከራ የነገሩን ሁለተኛ ገጽታ ያስተምራል። በ2000 አማዞን የዲቪዲ ፊልሞችን ለአንዱ በአንድ ዋጋ ለሌላው በሌላ ዋጋ እያሳየ ሲፈትን፣ ገዢዎች እርስ በርሳቸው ተነጋግረው ልዩነቱን ደረሱበት፤ ቅሬታውም ስለ በረታ ኩባንያው ብልጫ ለከፈሉት ገንዘባቸውን መለሰ፣ መሥራቹ ጄፍ ቤዞስም ሙከራው ስሕተት እንደ ነበረ በይፋ አመነ። ልብ ማለት የሚገባው፣ ያ ስሕተት ሊያዝ የቻለው ዋጋ በቃል የሚነገርና ከሌላው ጋራ የሚነጻጸር ቍጥር በመሆኑ ነው። የሚስማማውና ርካሽ የሆነው ዕቃ ከአንድ ገዢ ዝርዝር ላይ ወደ መቶኛው ተራ ወርዶ ቢቀርስ? ያላየውን ዕቃ ጠርቶ የሚከስ ገዢ አይገኝም፤ ከሳሽ የሌለበት በደልም በፍርድ ቤት አይሰማም፣ በሽያጭ መዝገብም አይጻፍም። ስለዚህ በሌላ ሥራ ሁሉ ገዢው የሚያደርገውን ቍጥጥር በዚህ ሥራ ፈታሹ ተክቶት ካላደረገው ማንም አያደርገውም።

የዛሬ ሠሪዎች የሚመኩበት ፍተሻ፣ ገዢዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን አሮጌውን ለሌላው አዲሱን አሠራር የሚያሳየው፣ የኤ/ቢ ፍተሻ የሚባለው ነው። ሥሩ ሮናልድ ፊሸር በ1920ዎቹ በእንግሊዝ አገር፣ በሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ፣ በዕጣ በተለዩ መደቦች ላይ የሰብልን ምርት ሲያነጻጽር ያቆመው የሙከራ ሥርዓት ነው፤ ፍሬውም የሚናቅ አይደለም። በ2012 ማይክሮሶፍት ቢንግ በተባለው የፍለጋ ገጹ ላይ የማስታወቂያ አርእስት አቀማመጥን ጥቂት ለውጦ ቢፈትን፣ ገቢው በ12 በመቶ አድጎ በአሜሪካ ብቻ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጭማሪ አስገኝቷል። ሆኖም ይህ ፍተሻ የሚነግረን የብዙኀኑን አማካይ ነው፤ ዘጠኙን አስደስቶ አሥረኛውን የሚበድል አሠራር በአማካይ ሲቈጠር የድል ዜና ሆኖ ይወጣል፤ ያ አሥረኛውም ምናልባት ዛሬ ገና የገባ እንግዳ፣ ወይም ጽሑፉን በድምፅ የሚሰማ ዐይነ ስውር፣ ወይም ከብዙኀኑ በተለየ ቋንቋ የሚጽፍ ገዢ ነው።

የገዢው ጣት የነካውን መቍጠርም ቢሆን የታመነ ምስክር አይደለም። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቶርስተን ዮአኪምስና ባልደረቦቹ በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ የፍለጋ ውጤቶችን ቅደም ተከተል ሆን ብለው ሲያለዋውጡት ሰዎቹ ከላይ የተቀመጠውን፣ ከላይ በመቀመጡ ምክንያት አብልጠው ወደ መምረጥ እንደሚያደሉ አሳይተዋል። እንግዲህ ሶፍትዌሩ ዛሬ ከላይ ያኖረውን ዕቃ ሰዎች ይነኩታል፤ ስለ ተነካም ነገ እንደ ገና ከላይ ያኖረዋል፤ ከታች የተቀበረው ግን ስላልታየ አይነካም፣ ስላልተነካም አይወጣም፤ መሣሪያው ለራሱ ራሱ ምስክር ሆኖ ይቆማል፤ እንዲህ ያለውን ምስክርነት ደግሞ ፍትሕ ርትዕ የሚያውቅ ዳኛ ሁሉ አይቀበለውም።

የፍተሻው ጭንቅ ከየት እንደሚመጣ ማስተዋል ያስፈልጋል። ተራ ሶፍትዌር ሲፈተሽ ትክክለኛው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ የሒሳብ ፕሮግራም ድምሩን ቢስት ያለ ክርክር ይያዛል። ለዚህ ሰው በዚህ ሰዓት ከሁሉ የሚሻለው ጫማ የትኛው ነው ለሚለው ጥያቄ ግን በየትም የተጻፈ መልስ የለም፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ፈታሾች መልስ መጣ፣ ዕቃው ሃያ ሆኖ ተዘረዘረ፣ ጊዜውም ከተወሰነው አላለፈም ብለው መዝገባቸውን ይዘጋሉ። ቲ. ዋይ. ቼን የተባሉት ሊቅ በ1998 ያቀረቡት ዘዴ ከዚህ ጭንቅ ያወጣል፤ የአንዱን መልስ ትክክለኛነት ማወቅ ባይቻል የሁለት መልሶችን ዝምድና መመርመር ይቻላልና። ገዢው የዋጋ ወሰን ባጠበበ ጊዜ የሚቀሩለት ዕቃዎች ሁሉ ከቀድሞው ሰፊ ዝርዝር ውስጥ የነበሩ መሆን አለባቸው፤ በመጀመሪያው ገጽ የታየ ዕቃ በሁለተኛው ገጽ ተደግሞ መውጣት የለበትም፤ ያለፈ ታሪኩ እንዲሰረዝለት የጠየቀ ገዢ የሚያየው፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ እንግዳ ከሚያየው ጋራ አንድ መሆን አለበት፤ የግዢ ታሪካቸው ሁሉ አንድ ሆኖ ስማቸው ብቻ የተለየ ሁለት ሰዎችም አንድ ዝርዝር ማግኘት ይገባቸዋል፤ ከተለያየባቸው መሣሪያው በስም ያዳላል ማለት ነው። ፍጥነት ለመጨመር የቀደመውን መልስ በጊዜያዊ ማከማቻ የሚያኖር ሰርቨር ደግሞ፣ የጥያቄውን ቃል ብቻ ይዞ የጠያቂውን ማንነት ቢዘነጋ፣ ለአንዲት ሴት የተበጀው የመድኃኒት ዝርዝር ለማያውቃት ሰው ይገለጣል፤ ስለዚህ ፈታሹ ሁለት ጠያቂዎችን በአንድ ቅጽበት በአንድ ቃል እያስጠየቀ የአንዱ ምሥጢር ወደ ሌላው እንዳላለፈ ማረጋገጥ ግዴታው ነው።

ይህን ሁሉ ለማድረግ የእውነተኛ ገዢዎችን መዝገብ መበርበር አያስፈልግም፤ አይገባምም። በ2006 ኤኦኤል የተባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ኩባንያ 650,000 ያህል ሰዎች ያደረጓቸውን 20 ሚሊዮን ያህል ፍለጋዎች ስማቸውን በቍጥር ለውጦ ለምርምር ባወጣ ጊዜ፣ ጋዜጠኞች ከፍለጋው ቃል ብቻ ተነሥተው የአንዲት ሴት ማንነት ላይ ደረሱ። በዚያው ዓመት ኔትፍሊክስ የፊልም ጥቆማውን ትክክለኛነት በ10 በመቶ ለሚያሻሽል የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አቁሞ፣ ተመልካቾች ለፊልሞች የሰጡትን ከ100 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ያለ ስም ቢለቅ፣ አርቪንድ ናራያናንና ቪታሊ ሽማቲኮቭ በሌላ ስፍራ በግልጽ ከተጻፉ አስተያየቶች ጋራ አስተያይተው ሰዎቹን ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል አስረዱ፤ ሽልማቱ በ2009 ቢሰጥም ሊከተለው ታስቦ የነበረው ሁለተኛ ውድድር ክስ ተነሥቶበት በ2010 ተሰረዘ። እንግዲህ ፈታሹ በሐሳቡ የፈጠራቸውን ገዢዎች፣ ከነዕድሜያቸው፣ ከነቋንቋቸውና ከነግዢ ታሪካቸው ጽፎ ያቁማቸው፤ እነዚህ ሰዎች የሚገለጥ ጓዳ የላቸውም፤ የሚፈለገውንም ሁሉ ሳይታክቱ ይመሰክራሉ።

በአገራችን የኢንተርኔት ሱቅ ገና በመስፋፋት ላይ ስለ ሆነ፣ ይህን ሥርዓት ከመጀመሪያው ለመትከል ጊዜው አላለፈብንም። ከውጭ የመጣ የፍለጋ ሶፍትዌር የአማርኛን ፊደል ጠባይ እንዲያውቅ ሆኖ ካልተበጀና ካልተፈተሸ፣ ሻጩ «ፀሐይ» ብሎ የመዘገበውን ገዢው «ጸሀይ» ብሎ ቢፈልግ ዕቃው በመጋዘን ሳለ የለም ይባላል፤ አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፈው ወጣትማ ከነጭራሹ ባዶ ገጽ ይጠብቀዋል። የጥቆማውም ነገር እንዲሁ ነው። በአንድ ስልክ እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በሚጠቀሙበት ቤት ሦስቱን እንደ አንድ ሰው ቈጥሮ የሚጠቁም መሣሪያ ሦስቱንም ይስታል፤ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ተቀምጦ አዲስ አበባ ላሉት እናቱ ዕቃ የሚገዛውን ልጅ ሶፍትዌሩ የእናቱን ፍላጎት የእርሱ አድርጎ ይመዘግብበታል፤ በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ቅቤና ሥጋ ከላይ የሚደረድር ገጽም ያለፈውን ወር ግዢ እንጂ የገዢውን ሕይወት እንደማያውቅ ይመሰክራል። ከውጭ የመጣ የፍተሻ ዝርዝር እነዚህን ገዢዎች አያውቃቸውምና፣ አስቦ የሚጽፋቸው የአገሩ ባለሙያ ነው።

ሕጉ ከልማዱ ቀድሞ መንገድ ጀምሯል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205/2012 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ለኢትዮጵያ ገዢ መሠረት ጥለዋል፤ የአውሮፓ ኅብረትም የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ጥቆማ የሚሰጡ መድረኮች የሚመርጡበትን ዋና ዋና መመዘኛ እንዲገልጹ፣ እጅግ ታላላቆቹም ቢያንስ አንድ በግል መገለጫ ላይ ያልተመሠረተ አማራጭ እንዲያቀርቡ ያዝዛል። ይህ ሁለተኛው ትእዛዝ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጥ ደስ የሚያሰኘኝ ነው፤ ገዢው የተበጀለትን ዝርዝር ካልተበጀው ጋራ ጎን ለጎን ሲያይ፣ የዲቪዲ ገዢዎች በዋጋ ላይ ያገኙትን የማነጻጸር ሥልጣን በዕቃው ቅደም ተከተልም ላይ ያገኛልና።

ይህ ሁሉ ለትንሽ ሱቅ ይከብዳል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ነገር ግን ከላይ የተዘረዘሩት የዝምድና ፍተሻዎች አንድ ጊዜ ከተጻፉ በኋላ በየሌሊቱ ያለ ሰው ድካም የሚሠሩ ናቸው፤ ሃያ የሐሳብ ገዢዎችን ጽፎ ለማቆምም ከገንዘብ ይልቅ ማስተዋል ይፈልጋል። አሠራራችን የንግድ ምሥጢር ነው ለሚሉትም መልሱ ቅርብ ነው፤ የሚጠየቁት ስለ ውጤቱ እንጂ ስለ አልጎሪዝሙ አይደለም፤ ሐኪም የመድኃኒቱን ፋብሪካ ቍልፍ ሳይጠይቅ መድኃኒቱ ማንን እንደሚጎዳ ይጠይቃል።

ስለዚህ ከሻጮችም፣ ሶፍትዌሩን ሠርተው ከሚሸጡላቸውም፣ ሕግ ከሚያስፈጽሙትም የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ውጤቱ በአማካይ ብቻ ሳይሆን በየወገኑ ተለይቶ ይቈጠር፤ እያንዳንዱ ዕቃ ለማን ታይቶ ለማን እንደ ተሰወረ በፍተሻው መዝገብ ይጻፍ፤ ገዢውም በፈለገ ጊዜ ያልተበጀውን ዝርዝር የሚያይበት በር ይከፈትለት። ይህን ማስረጃ ማቅረብ የማይችል ሻጭ «ለእርስዎ የተመረጠ» የሚለውን ቃል ከገጹ ላይ ያንሣ።