የከብት መድኃኒት ምክር ከማን ይጠየቅ?

እንደሚታወቀው በገበያ ቀን የከብት መድኃኒት ከጨውና ከሳሙና ጎን ተዘርግቶ ሲሸጥ በብዙ ቦታ ይታያል። ገበሬው ከዚያ የሚገዛው ባለማወቅ ብቻ ነው ማለት ግን በእኛ አስተያየት ትክክል አይደለም። ነጋዴው በየሳምንቱ ይገኛል፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ግን ሩቅ ነው። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» እንዲሉ ነው።

ጉዳቱን በቆላ ዝንብ በሚተላለፈው በገንዲ በሽታ እንመልከት። ዲሚናዚን የተባለው መድኃኒት የተለመደ መጠኑ ለአንድ ኪሎ የከብት ክብደት 3.5 ሚሊግራም ነው። ስለሆነም 1.05 ግራም ዲሚናዚን የያዘ ፓኬት የሚበቃው 300 ኪሎ ለሚመዝን አንድ በሬ ነው። ይህንኑ ለሁለት እንዲህ ላሉ በሬዎች ያካፈለ ሰው ለእያንዳንዱ ግማሽ መጠን ሰጠ ማለት ነው። በሬው ለጊዜው ቢያገግምም ያልሞቱት የደም ተውሳኮች መድኃኒቱን እየተቋቋሙ ይራባሉ። በጊቤ ሸለቆ መድኃኒት የማይበግራቸው የገንዲ ተውሳኮች መኖራቸው በምርምር ተረጋግጧል። ኦክሲቴትራሳይክሊን ደግሞ ገንዲን አያድንም፤ የተወጋችው ላም ወተት ወዲያው ቢጠጣ ግን የመድኃኒቱ ቅሪት ወደ ሰው ይገባል።

እምነት እንዴት እንደሚገኝ የደስታ በሽታ ታሪክ ያስተምረናል። በ1980ዎቹ አጋማሽ በአፋር ከአርብቶ አደሩ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው ሙቀት የሚቋቋም ክትባት ለከብቱ ሰጡ። ክትባቱን የሰጠው ከሕዝቡ መካከል የወጣ፣ ነገም ተፈልጎ የሚገኝ ሰው ነበር። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከበሽታው ነጻ መሆኗ በዓለም ታወቀላት፤ በ2003 ዓ.ም. በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ተነገረ። እንግዲህ እምነት የሚገኘው በማዕረግ ሳይሆን በቅርብ በመገኘትና በሥራ ውጤት ነው።

ከዚህ የተነሣ የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1. እኛ የሰብል ባለሙያዎች በማዳበሪያና በዘር ስለታመንን ብቻ በመርፌም እንታመን ልንል አይገባም። «ይህ የእኔ ሙያ አይደለም» ብሎ ጠያቂውን ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያው መምራት እምነትን ያጸናል እንጂ አያጎድልም።

2. የኅብረት ሥራ ማኅበራት መድኃኒት ከማስመጣታቸው በፊት፣ ባለሙያው በገበያ ቀን በቦታው እንዲገኝ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር ይስማሙ።

3. ባለሙያው ሚዛን ባይኖር የከብቱን ደረት ዙሪያ በሜትር ለክቶ ክብደቱን ይገምት፤ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና ወተቱም ሆነ ሥጋው የማይበላበትን የቀን ብዛት ጽፎ ለባለከብቱ ይስጥ።

ነጋዴውን ማውገዝ ብቻውን የትም አያደርስም። በገበያው ቀን የሚገኝ፣ የሰጠውንም ምክር ጽፎ የሚያስረክብ ባለሙያ ካለ ገበሬው ራሱ ለይቶ ይመርጣል።