ሰባቱን ሌየር የሸመደደ፣ በሩን የማያውቅ ተመራቂ

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ለመውጫ ፈተና ስታጠና አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ኮምፒውተር ሳይንስ አራተኛ ዓመት ናት። ፊቷ የተዘረጋው የኮምፒውተር ኔትወርክ ኮርስ ሃንድአውት ነው። ዓይኗን ጨፍና «ፊዚካል፣ ዳታ ሊንክ፣ ኔትወርክ፣ ትራንስፖርት፣ ሴሽን፣ ፕሬዘንቴሽን፣ አፕሊኬሽን» እያለች በቃሏ ትወጣለች። እንዳይጠፋት ስለ ፒዛ የምታወራ አንዲት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይዛለች። የየቃሉ የመጀመሪያ ፊደል የየሌየሩን ስም ያስታውሳታል።

አንድ ጥያቄ ጠየቅኳት።

«በ2012 ሰኔ ላይ ኢንተርኔት ሲጠፋ፣ የጠፋው የትኛው ሌየር ላይ ነው?»

ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ደግሞ! እሱ ፈተና ላይ አይመጣም።»

እውነቷን ነው፤ አይመጣም። የዛሬው ጽሑፌ ለምን አይመጣም የሚል ነው።

አስቀድሜ የራሴን ጉድ ላውራ። እኔ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ዲግሪዬም በዚያው ነው። ባለፉት ዓመታት «ኢንተርኔት ተቋረጠ» የሚል ዜና ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ አላስታውስም። ግሡን ልብ በሉልኝ። ተቋረጠ። አድራጊ የለውም። ዝናብ አባራ፣ ፀሐይ ጠለቀች እንደማለት ነው። ማን አቋረጠው? የቱ ጋ? በምን ዘዴ? አልጠየቅኩም። ፈርቼ ብቻ አይደለም፤ ምን ብዬ እንደምጠይቅም አላውቅም ነበር።

እኔስ ይሁን፣ አልተማርኩትም። የሚያሳዝነው ኮርሱን ሴሚስተር ሙሉ ተምሮ «ኤ» ያመጣው ልጅም ከእኔ የተሻለ መልስ የሌለው መሆኑ ነው። ክርክሬ ይህ ነው፦ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ኢንተርኔትን ባለቤት እንደሌለው ነገር ያስተምሩታል። በዚህም የተነሳ መዘጋቱን እንደ አየር ጠባይ የሚቀበል ባለሙያ እያመረትን ነው።

ሃንድአውቱ ምን ይላል? ኢንተርኔት የኔትወርኮች ኔትወርክ ነው። መልእክት ወደ ትንንሽ ፓኬቶች ይቆራረጣል፤ አንዱ መንገድ ቢሰበር ፓኬቱ በሌላ ይዞራል። ፖል ባራን የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህን ሐሳብ ሲያቀርብ የፈለገው መሐሉ ቢመታም የማይሞት መረብ ነበር። ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን እ.ኤ.አ. በ1974 የቲሲፒን መሠረት የያዘውን ጽሑፋቸውን አወጡ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 አርፓኔት ወደ ቲሲፒ/አይፒ ዞረ።

ሁሉም ትክክል ነው። ነገር ግን ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ የእኛ ፓኬቶች ሌላ መንገድ ፈልገው አልዞሩም። ኢንተርኔት ጠፋ፤ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስም ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። መጽሐፉ ዋሽቶ ነው? አይደለም። መጽሐፉ የሚያወራው ብዙ መንገድና ብዙ ባለቤት ስላለው መረብ ነው። እኛ ደግሞ ባሕር የለንም፤ ከባሕር ሥር ገመዶች ጋር በዋናነት የምንገናኘው በጂቡቲ በኩል ነው። በዚያን ጊዜ መስመሩን ሁሉ የያዘው አንድ የመንግሥት ኩባንያ ነበር። አንድ በር ባለው ግቢ ውስጥ የፈለገውን ያህል መንገድ ብትሠራ፣ በሩ ሲቆለፍ ሁሉም እዚያው ይቀራል። በመማሪያው ላይ ያለው ሥዕልና እኛ የምንኖርበት ቤት አይመሳሰሉም። ይህን ለተማሪው የሚነግረው የለም።

«ይህ ፖለቲካ እንጂ ቴክኖሎጂ አይደለም» የሚል መምህር ይኖራል። እሺ፤ በዚያው በኮርሱ ቋንቋ እንነጋገር። ኢንተርኔት ተዘጋ ሲባል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆን ይችላል።

አንደኛው መንገዱን ከዓለም ካርታ ላይ ማንሳት ነው። ኔትወርኮች እርስ በርሳቸው «እነዚህ አድራሻዎች እኔ ጋ ናቸው፣ ወደ እኔ ላኩ» የሚባባሉበት ቢጂፒ የሚባል ፕሮቶኮል አለ። ይህ ማስታወቂያ ሲነሳ ከውጭ የሚመጣው ፓኬት መድረሻ ያጣል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2011 መጨረሻ ግብፅ ውስጥ የሆነው ይህ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ አብዛኛው የአገሪቱ አድራሻ ከዓለም ጠፋ። የአክሲዮን ገበያውን የሚያገለግለው ኑር የተባለ አቅራቢ ግን ለተጨማሪ ቀናት ክፍት ቆየ። ዝናብ ቢሆን ኖሮ ሁሉንም እኩል ያረጥብ ነበር።

ሁለተኛው የሞባይል ዳታን በአካባቢ ለይቶ ማጥፋት ነው። ስልክ ይደወላል፣ የገመድ መስመር ያለው ቢሮ ሊሠራ ይችላል፣ በእጅ ስልክ ግን ምንም አይከፈትም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲባባስ የጠፋው የሞባይል ኢንተርኔት ነበር።

ሦስተኛው እየመረጡ ማገድ ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገድበው ወራት ሲቆጠሩ ሌላው ድረ ገጽ ይከፈት ነበር። እንዲህ ያለው እገዳ ስምን ወደ አድራሻ በሚተረጉመው በዲኤንኤስ፣ በራሱ በአይፒ አድራሻው፣ ወይም የፓኬቱን ይዘት ገልጦ በማየት ሊሠራ ይችላል። ሁለተኛ ኦፕሬተር ሥራ ከጀመረ በኋላ መሆኑንም አትርሱ። በሩ ሁለት ቢሆንም ቁልፉ አንድ እጅ ላይ ከሆነ ለውጡ ያን ያህል ነው።

ያኔ ብዙዎቻችሁ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የምታነቡት በቪፒኤን ነበር። ታዲያ ቪፒኤን በ2015 ሠርቶ በ2012 ሰኔ ለምን አልሠራም? መልሱ ያው የሌየር ትምህርት ነው። ቪፒኤን ፖስታውን ይቀይራል እንጂ መንገድ አይሠራም። መንገድ ካለ ፓኬቱን ሸፍኖ ያሳልፈዋል፤ መንገዱ ራሱ ከተነሳ ግን የሚሸፍነው ነገር የለም። ይህች አንዲት ጥያቄ ከስለ ፒዛዋ ዓረፍተ ነገር የበለጠ ታስተምራለች። ለፈተና ብትመጣ ምን ነበረበት?

ደግሞስ ፖለቲካ የሌለበት ኔትወርክ የታለ? ሰባቱን ሌየር ራሳቸውን ተመልከቱ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ሞዴል ነው፤ ከኋላው መንግሥታትና ትልልቅ የስልክ ድርጅቶች ቆመው ነበር። የስልክ ድርጅቶቹ ብልሃቱ ሁሉ መሐል ላይ፣ በእነሱ እጅ እንዲሆን ይፈልጉ ነበር። የኢንተርኔቱ ሰዎች ደግሞ ብልሃቱን ዳር ላይ፣ በተጠቃሚው ማሽን ላይ አደረጉት። መሐሉ ደብዳቤ ሳይከፍት የሚያደርስ ፖስተኛ እንዲሆን ነው። ውድድሩን ቲሲፒ/አይፒ አሸነፈ። የእኛ ተማሪ የተሸናፊውን ሞዴል ዝርዝር ይሸመድዳል፤ ውድድር እንደነበረ ግን አይነገረውም።

ከጎረቤት ደግሞ ኬንያን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ የኬንያ ኢንተርኔት አቅራቢዎች ኔትወርኮቻቸውን የሚያገናኙበት ነጥብ ናይሮቢ ላይ ከፈቱ። ከዚያ በፊት ከአንዱ የናይሮቢ ቢሮ ለሌላው የሚላክ ኢሜይል በሳተላይት ውቅያኖስ ተሻግሮ ሊመለስ ይችል ነበር። የውጭውን መስመር በብቸኝነት የያዘው ቴልኮም ኬንያ አቤት አለ፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም ነጥቡን አዘጋ። አቅራቢዎቹ ተከራክረው እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ እንደገና አስከፈቱት። መከራከር የቻሉት ምን እንደተወሰደባቸው በትክክል ያውቁ ስለነበር ነው። የማያውቅ ሰው «ኔትወርክ የለም» ብሎ ስልኩን ኪሱ ይከታል።

መንግሥት ሲዘጋ ምክንያት አይጠፋም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጣ፤ በ2009 ዓ.ም. በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔት ተዘጋ። ግጭት እንዳይባባስ ነውም ይባላል። እሺ፣ እንከራከርበት። ነገር ግን «ለአንድ የፈተና ወረቀት ባንኩና ሆስፒታሉ ጭምር መዘጋት አለባቸው? ከዚህ ጠበብ ያለ መንገድ የለም?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ያስፈልጋል። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከሁለት ዓመት በላይ ያለ ኢንተርኔት ስትቆይ፣ ስንት የኔትወርክ ምሩቅ በአደባባይ ስለ አሠራሩ አንድ ገጽ ጻፈ? እኛ ጋዜጠኞችስ አንዱን ጠርተን ጠየቅን?

መምህራኑን ብቻ ለመውቀስ አይደለም። አንድ ራውተር በእጁ ሳይነካ፣ ስክሪን ላይ በፓኬት ትሬሰር ሥዕል ከሥዕል እያገናኘ የሚመረቅ ተማሪ ሞልቷል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼኔ ነው። ፍርሃቱንም አውቀዋለሁ፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ወደ ቀጣዩ ስላይድ ማለፍ ይቀላል። ግን የፋርማሲ ተማሪ ስለ መርዝ ይማራል፤ ማንንም ከሰሰ አይባልም። የኔትወርክ ተማሪም መረብ እንዴት እንደሚሠራ ከተማረ እንዴት እንደሚዘጋ መማር አለበት። ሁለቱ አንድ ትምህርት ናቸው።

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም።

አንድ፦ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከአርፓኔት በፊት ከተማሪው ስልክ ይጀምር። ከስልኩ እስከ አንቴናው፣ ከአንቴናው እስከ ጂቡቲ፣ ከጂቡቲ እስከ ባሕሩ ሥር ያለውን መንገድ በሰሌዳ ላይ ይሣሉ። እያንዳንዱ ቁራጭ የማን እንደሆነም ይጻፍ።

ሁለት፦ የ2009ን፣ የ2012ን፣ የ2013ንና የ2015ን መዘጋት እንደ ጥናት ጉዳይ ይውሰዱት። የቱ ሌየር ተነካ? በምን ምልክት ይለያል? ቪፒኤን ይሠራ ነበር ወይስ አይሠራም?

ሦስት፦ ለጋዜጠኝነትና ለሕግ ተማሪዎች የዚህ ትምህርት አጭር ቅጂ ይሰጥ። ዳኛው ፊት ስለ ኢንተርኔት መዘጋት የሚከራከር ጠበቃ ዲኤንኤስ ምን እንደሆነ ካላወቀ በምን ሊከራከር ነው?

ያን ዕለት ማታ በቅርቡ የተማርኳትን ትሬስራውት የምትባል ትእዛዝ የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ አሠራናት። አዲስ አበባ ተቀምጠን ስለ አዲስ አበባ የሚጽፍ አንድ ድረ ገጽ ጠየቅን። ፓኬቱ አንድ በአንድ እየረገጠ አገር ለቆ ወጣ፣ ባሕር ተሻገረ፣ አውሮፓ ደረሰ።

«ይሄ ሁሉ ለሰፈር ወሬ?» አለች። ከዚያ ሃንድአውቱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ስክሪኑ ላይ ያሉትን መስመሮች በጣቷ እየቆጠረች «ከአገር የሚወጣው እዚህ ጋ ነው ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አራት ዓመት ሙሉ የትኛውም ክፍል ውስጥ ያልጠየቀችው ጥያቄ ነው። የፈጀብን አምስት ደቂቃ ነው።

በበኩሌ አንድ ቃል ልግባ። ከእንግዲህ ማን፣ የቱ ጋ፣ በምን ዘዴ ብዬ ሳልጠይቅ «ኢንተርኔት ተቋረጠ» ብዬ አልጽፍም። ጽፌ ካገኛችሁኝ «ማን አቋረጠው?» ብላችሁ ከሥሩ ጻፉልኝ። ኮርሱን የምታስተምሩ ካላችሁ ደግሞ በሚቀጥለው ሴሚስተር ያቺን ጥያቄ ፈተናው ላይ አምጧት።