ከድባቴ ያገገመ አንጎል፦ ጠባሳ ወይስ ነባር ተጋላጭነት?

አንድ ታካሚ የድባቴ ምልክቶች ለቀውት፣ እንቅልፉና የምግብ ፍላጎቱ ተመልሶለት ወደ ሥራው ሲገባ «ዳነ» ይባላል። ፍርዱ የሚሰጠው በሚታዩና በሚነገሩ ምልክቶች ላይ ተመሥርቶ ነው። የምልክቶቹ መጥፋት ግን የአንጎል ኬሚካዊ ሥርዓት ከተጋላጭነት ነጻ ሆኗል ለማለት አያበቃም። በአንጻሩ በአንጎል ምስል ላይ የታየ ልዩነት ሁሉ የማይሽር ጉዳት ተደርጎ ሊተረጎም አይገባም። የዘርፉ ጥናቶች በእነዚህ ሁለት ስሕተቶች መካከል መንገዳቸውን ሊለዩ ይገባል።

ለመጀመሪያው ነጥብ ዐቢይ ማስረጃ የሚሆነው የትሪፕቶፋን ቅነሳ ሙከራ ነው። ሰውነት ሴሮቶኒንን የሚሠራው ከምግብ ከሚያገኘው ትሪፕቶፋን ከተባለ አሚኖ አሲድ ነው። ትሪፕቶፋን የሌለበት የአሚኖ አሲዶች ድብልቅ የጠጣ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው የዚህ ንጥረ ነገር መጠን በጥቂት ሰዓታት በእጅጉ ይቀንሳል። ስሚዝ፣ ፌርበርንና ካወን እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ጥናት ከድባቴ ያገገሙና መድኃኒት የማይወስዱ 15 ሴቶችን በዚህ መንገድ ፈትኖ፣ በ10ሩ ላይ ምልክቶቹ ለጊዜው እንደተመለሱ አሳይቷል። ሩሄና ባልደረቦቹ በ2007 ያቀረቡት የጥናቶች ትንተና ደግሞ፣ ራሳቸውም ሆኑ ቤተሰባቸው ድባቴ ባልነካቸው ጤነኞች ላይ ቅነሳው የስሜት ለውጥ እንደማያመጣ ደምድሟል። እንግዲህ የሴሮቶኒን ማነስ ብቻውን ድባቴን አይወልድም፤ በዳኑት ዘንድ ግን ያደፈጠ ተጋላጭነትን ይገልጣል።

የአንጎል ምስል ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። ሜየርና ባልደረቦቹ በ2009 በፔት ምርመራ እንዳሳዩት፣ ሴሮቶኒንን፣ ዶፓሚንንና ኖርኤፒነፍሪንን የሚሰባብረው ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ-ኤ የተባለ ኢንዛይም ካገገሙት መካከል ሕመሙ በኋላ ባገረሸባቸው ሰዎች የፊት አንጎል ክፍል ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ክርክሩ የሚነሣው ከትርጓሜው ላይ ነው። በዳነ ሰው አንጎል የታየው ልዩነት ከሕመሙ በፊት የነበረ ተጋላጭነት፣ ሕመሙ ትቶት የሄደ ጠባሳ፣ ወይም አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ ያደረገው ማካካሻ ሊሆን ይችላል። ያገገሙትን ከጤነኞች ጋር በአንድ ወቅት ብቻ የሚያነጻጽር ጥናት ሦስቱን ሊለይ አይችልም። ቀደም ሲል የተወሰደ መድኃኒት የተወው ለውጥ ሲጨመር ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል።

ይህ ለታካሚው የቃላት ጉዳይ አይደለም። «አንጎልህ እንደታመመ ነው» የተባለ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ ለመገለልም ይዳረጋል። «ፈጽሞ ድነሃል» የተባለው ደግሞ መድኃኒቱን በድንገት አቋርጦ ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል። የቡድን አማካይ ውጤት የአንድን ግለሰብ ዕጣ ስለማይናገር፣ ምስሎቹ ለግል ትንበያ ሊውሉ አይገባም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ይገባሉ። አንደኛ፣ ወላጆቻቸው በድባቴ የታመሙ ወጣቶችን ሕመሙ ሳይጀምራቸው መዝግቦ ለዓመታት የሚከታተል ጥናት ሊቀድም ይገባል። ሁለተኛ፣ የቅነሳ ሙከራ ያገገመን ሰው ሆን ብሎ ወደ ሐዘን የሚመልስ በመሆኑ፣ ፈቃዱ አደጋውን በግልጽ ካስረዱት በኋላ ሊጠየቅና ከሙከራው በኋላም ክትትል ሊደረግለት ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ የፔት መሣሪያ እንደልብ በማይገኝበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ያለ ተመራማሪ ዳር ተመልካች ሊሆን አይገባም። በቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለዓመታት የተከታተለው ጥናት እንዳሳየው፣ የሕመምን አካሄድ ከማኅበረሰቡ ውስጥ ሆኖ መከታተል ይቻላል። ማን እንዳገገመ፣ በማን ላይ እንዳገረሸና በምን ሁኔታ ውስጥ እንደሆነ የሚመዘግብ እንዲህ ያለ ሥራ ከሌለ፣ የአንጎል ምስል የሚተረጎምበት መሠረት አይኖረውም።