ቡችላው «ና» ሲባል ለምን ይሸሻል?

ከክረምቱ መውጫ ወዲህ በግቢያችን በር አካባቢ አንድ ቡናማ ቡችላ መክረሙን የማያውቅ ሠልጣኝም ሆነ መምህር ያለ አይመስለንም። ቡቺ እንለዋለን። ስም ለማውጣት የተጨነቀ ሰው እንዳልነበረ ከስሙ ይታወቃል፤ እዚሁ ለቡ ውስጥ መንገድ ላይ ቆሞ «ቡቺ!» ብሎ ለተጣራ ሰው ከየአጥሩ ሦስት አራት ውሻ ሳይመልስለት አይቀርም።

ይህ ቡችላ «ና!» ሲባል ጭራውን ሸጉጦ ዘበኛ ቤቱ ሥር ይገባል። አንዳንድ ጓደኞቻችን «ደደብ ነው፣ አይማርም» ብለው ፈረዱበት። እኛ ግን ነገሩን ወደ ኋላ ሄደን ስንመረምረው ቡችላው በሚገባ ተምሮ አገኘነው። ምግብ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲሸና «ና!» ተብሎ ተጠርቶ ተመታ። ጫማ ሲያኝክ ተገኘና እንደገና «ና!» ተብሎ ተመታ። እንግዲህ በቡቺ ዘንድ «ና» ማለት «ትመታለህ» ማለት ነው። ያስተማርነውን ነው የመለሰልን። ከመቺዎቹ አንዱ ይህን ጽሑፍ ከምናዘጋጀው መካከል መሆኑንም አንደብቅም።

ከዚያ በኋላ ሌላ መንገድ ሞከርን። ከቁርስ የተረፈ ዳቦ የሽምብራ ፍሬ እያሳከልን ቆራርሰን በኪሳችን ያዝን። ቁራሿን ከአፍንጫው ከፍ አድርገን ወደ ጆሮው በኩል በዝግታ ስናሳልፋት ቡቺ እሷን ለማየት ራሱን ቀና ያደርጋል፤ ራሱ ቀና ሲል ቂጡ በራሱ ጊዜ መሬት ይነካል። መግፋትም መጫንም የለም። መሬት በነካባት ቅጽበት «ጎበዝ!» ብሎ መስጠት ነው። «ቁጭ በል» የሚለውን ቃል የጨመርነው እንቅስቃሴው ከተለመደ በኋላ ነው። ሽልማቱ ከዘገየ ግን ነገሩ ይበላሻል፤ ተነሥቶ ዝንብ ማሳደድ ሲጀምር ዳቦውን ብንሰጠው ያስተማርነው ዝንብ ማሳደድን ነው። በአንድ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ በላይ አላስቆየነውም፣ ቡችላ ቶሎ ይሰለቻል። በጨዋታ መሀል እጃችንን ጠበቅ አድርጎ ሲነክስ ጨዋታውን አቁመን ዝም ብለን እንቆማለን። ጩኸት የለም፣ ኩርኩምም የለም፤ ጨዋታው መቅረቱ ይበቃዋል።

(በዚህ አጋጣሚ ወጥ የነካ እንጀራ የምትጥሉለት ጓደኞቻችን ብትተዉ መልካም ነው፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። «ሲት! ሲት!» የምትሉትም ብትሆኑ፣ ቡቺ እንግሊዝኛ አልተማረም፤ ሁላችንም በአንድ ቃል ብናዘው ይሻለዋል።)

ከሁሉ ያስቸገረን «ና» ነበር። የተበላሸውን ቃል ማደስ ስላቃተን ጥለነው «እንካ!» በሚል ተካነው። ሁለታችን በባሕር ዛፎቹ መካከል ተራርቀን እንቆምና በየተራ እንጠራዋለን፤ የጠራው ሰው ወደ ኋላ ይሮጣል፣ ቡችላም የሚሮጥ ነገር ማባረር ስለሚወድ ይከተላል፤ ሲደርስ ዳቦ ወይም አሮጌ ጨርቅ መጓተት ሽልማቱ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ከዘበኛ ቤቱ ሥር በራሱ ወጥቶ መጣ።

ይህ ሁሉ እኮ በሥነ ልቦና ደብተራችን ላይ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሩሲያዊው ፓቭሎቭ ውሾች ምግቡ ሳይቀርብ ምልክቱን ብቻ ሰምተው ምራቃቸው እንደሚመጣ ማሳየቱን እናውቃለን። አሜሪካዊው ስኪነርም እ.ኤ.አ. በ1951 «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» በተባለው መጽሔት ላይ እንስሳትን ስለ ማስተማር ሲጽፍ ሽልማቱ ከድርጊቱ ጋር እኩል መድረስ እንዳለበትና ለዚህም አጭር ድምፅ በምልክትነት እንደሚያገለግል አስረድቷል። የእኛ «ጎበዝ» የዚያ ድምፅ ምትክ ነው። በፈተና ወረቀት ላይ ይህን አሳምረን እንጽፍና ከክፍል ስንወጣ ቡችላውን በጫማ እንጥላለን።

«በዳቦ የተገዛ ውሻ ዳቦው ሲያልቅ ይከዳል» የሚሉ አሉ። ልክ ነው፣ ዘላለም በየጊዜው ከተሰጠው። ትምህርቱ ከገባው በኋላ ግን አንዴ እየሰጡ አንዴ እየዘለሉ በምስጋናና በጨዋታ መተካት ይቻላል፤ መቼ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ እንዲያውም ይበረታል። ሌሎች ደግሞ «ውሻ ለጥበቃ ነው፤ ካልተመታ ይለሰልሳል» ይላሉ። ቀን ታስሮ ሌሊት የሚፈታውን፣ ከ«ያዝ!» በቀር ቃል የማያውቀውን የየግቢውን ውሻ ተመልከቱ። ባለቤቱ ራሱ አይነካውም። ታዲያ የክትባት ዕለት ማን ይይዘዋል? በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ወደ ሰው የሚተላለፈው በአብዛኛው በውሻ ንክሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ሲጠሩት የሚመጣ ውሻ የሚከተብ ውሻ ነው።

ቡችላና ሕፃን አንድ ናቸው እያልን አይደለም። ሕፃን ይጠይቃል፣ ምክንያት ቢነግሩት ይገባዋል፣ ያኮርፋልም። ነገር ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ አንደኛ ክፍል ውስጥ ቆመን «ና፣ ሰሌዳው ላይ ሥራ» ማለታችን አይቀርም። ከመካከላችን ያንን ቃል ሲሰማ መዳፉ የሚያቃጥለው አለ፤ በልጅነታችን ወደ ሰሌዳ የተጠራ ሁሉ መልሱን ካላወቀ አርጩሜ ይጠብቀው ነበርና። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ድንጋጌውን የማያውቅ ሠልጣኝ የለም። አርጩሜ ቆርጦ ለልምምድ የሚዘጋጅ ሠልጣኝ ግን በዚሁ ሳምንት አይተናል፤ «ለማስፈራራት ብቻ ነው» አለን። ቡቺንም የጀመርነው ለማስፈራራት ብቻ ብለን ነበር።

ለማንኛውም ቡቺ ሦስት ወር ስለሞላው የክትባት ጊዜው ደርሷል። ቅዳሜ ጠዋት ወደ እንስሳት ሐኪም ልንወስደው አስበናል፤ ገመድ የሚያውሰን ካለ ማታ ዘበኛ ቤቱ ዘንድ ይተውልን። እስከዚያ ድረስ ማንም ሰው ሲጠራው «እንካ» ይበለው፤ በባዶ እጅ ግን አይጥራው። «ና» የሚለውን ቃል ለጊዜው እንተውለት።