ጭንቀትን በመጠጥ መርሳት ይቻላል?

ስለ አልኮል መጠጥ ሲነሳ በቅድሚያ የሚጠየቀው «ስንት ትጠጣለህ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2023 እንዳስታወቀው ለጤና ፍጹም አስተማማኝ የሚባል የአልኮል መጠን የለም። ሆኖም «ለምን ትጠጣለህ?» የሚለውም እኩል ሊጠየቅ ይገባዋል። በሠርግ ወይም በበዓል ከወዳጅ ዘመድ ጋር የሚጠጣና የቤት ኪራይን፣ የአለቃ ቁጣን ወይም የትዳር ጭቅጭቅን ለመርሳት የሚጠጣ ሰው መጠናቸው አንድ ቢሆን እንኳ አደጋቸው እኩል አይደለም። ሁለተኛው ወደ ሱስ የመግባት ዕድሉ የሰፋ ነው።

ጭንቀት በራሱ ሰውን ጠጪ አያደርግም። ለውጥ የሚያመጣው ጭንቀቱን የምንቀበልበት መንገድ ነው። አንዱ ችግሩን ከፋፍሎ ለመፍታት ይሞክራል፤ ሌላው ለሚያምነው ሰው ያዋያል፤ ሌላው ደግሞ ይሸሻል። መሸሽን ለለመደ ሰው መጠጥ ቅርብ፣ ፈጣንና ጠያቂ የሌለው መደበቂያ ይሆንለታል።

አልኮል የአንጎልን ሥራ ስለሚያቀዘቅዝ መጀመሪያ ላይ እፎይታ መሰማቱ እውነት ነው። ነገር ግን አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ በተቃራኒው ራሱን ያነቃቃል። መጠጡ ከደም ሲወጣ ያ መነቃቃት ብቻውን ይቀራል። በማግስቱ የሚሰማው የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥና ምክንያቱ የማይታወቅ ፍርሃት አንዱ መነሻው ይህ ነው። ሰውየው ግን ችግሩ የባሰበት ስለሚመስለው ማታ ተመልሶ ይጠጣል። ውሎ ሲያድር ያንኑ እፎይታ ለማግኘት ሁለት የነበረው ቢራ አራት ይሆናል።

«ካልጠጣሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» የሚሉም ብዙዎች ናቸው። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፤ የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ግን እንቅልፍ ይቆራርጣል። ቀን ጫት ቅመው ማታ ምርቃናውን ለመስበር «ጨብሲ» የሚሉ ደግሞ አንዱን ሱስ በሌላው እየደገፉ ነው።

ወደ ሕክምና ክፍላችን የሚመጣ ሰው «መጠጥ በዛብኝ» ብሎ የሚመጣው ከስንት አንድ ነው። የሚመጣው ጨጓራውን አሞት፣ ደም ግፊቱ አልወርድ ብሎት ወይም እንቅልፍ አጥቶ ነው። ስለዚህ እስኪታመሙ ሳይጠብቁ ራስዎን ይጠይቁ። በተናደድኩ ቁጥር የምሄደው ወደ መጠጥ ነው? ብቻዬን ወይም ተደብቄ እጠጣለሁ? ያው ችግር ከወራት በኋላም ሳይነካ እንደተቀመጠ ነው? መልስዎ «አዎ» ከሆነ የሚከተሉትን ይሞክሩ።

ለሁለት ሳምንት የጠጡበትን ሰዓትና ከዚያ በፊት የሆነውን ነገር ይመዝግቡ፤ የሚገፋፋዎትን ነገር ያውቁበታል። አምሮቱ ሲመጣ እህል ይቅመሱ፣ ጥቂት በእግርዎ ይጓዙ፤ አምሮቱ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ይበርዳል። ካስጨነቀዎት ነገር ውስጥ ዛሬ ሊያደርጉት የሚችሉትን አንድ ነገር ለይተው ይጀምሩ፤ ኪራዩ ካስጨነቀዎት ከአከራይዎ ጋር ተነጋግሮ ቀን ማራዘምም አንድ እርምጃ ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነውና ለትዳር አጋርዎ፣ ለጓደኛዎ ወይም ለሃይማኖት አባትዎ ያዋዩ።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ በብዛት ሲጠጡ የቆዩ ከሆነ በጾም መግቢያም ይሁን በስለት፣ ያለ ሐኪም እርዳታ በአንድ ጊዜ አያቁሙ። ካቆሙ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ማስመለስ፣ አልፎም ራስን የሚያስት መንፈራገጥ ሊከሰት ይችላል። ቀጥሎ የሚመጣው መቃዠት ሕይወት እስከማሳጣት ይደርሳል። በሕክምና ክትትል ግን በደህና ማቆም ይቻላል። በአቅራቢያዎ ካለ ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም የሱስ ሕክምና ይሰጣል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ለሐኪምዎ የሚጠጡትን መጠን ብቻ ሳይሆን የሚያስጠጣዎትን ጭንቀትም ሳይሸሽጉ ይንገሩ።